የሚሰግደው ሕፃን፦ የጨቅላ ሕፃናት የአንጎል ሕመም፣ እምነትና ጊዜ

ምልክቱ ሲጀምር ሕመም አይመስልም። የ4 ወይም የ6 ወር ሕፃን ከእንቅልፉ ነቅቶ ዓይኑን በወጉ ሳይገልጥ አንገቱ ወደ ፊት ድፍት ይላል፤ እጆቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ ወይም ደረቱ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይሳባል። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ይለቀዋል። ጥቂት ፋታ ሰጥቶት ደግሞ ይመለስበታል። እንዲህ እየሆነ 10፣ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከታተልና በመጨረሻ ሕፃኑ ያለቅሳል ወይም ዝሎ ይተኛል። እናት «ይደነግጣል» ትላለች፤ አያት «ሆዱን ቆርጦት ነው» ብላ ጤና አዳም ትቀነጥሳለች። መሬት ላይ የሚጥል፣ አረፋ የሚያስደፍቅ ነገር ስለሌለ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይገኝም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ፈገግ ይል የነበረው ፈገግታውን ይተዋል፤ የእናቱን ፊት በዓይኑ ይከተል የነበረው እያየ እንደማያይ ይሆናል፤ አንገቱን ማቆም የጀመረው መልሶ ይልፈሰፈሳል።

ይህ ሕመም ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን በሐኪሞች ዘንድ ኢንፋንታይል ስፓዝም፣ አንዳንዴም ዌስት ሲንድረም ይባላል። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚደርሱ ሕፃናት አንዱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከሚይዛቸውም ከ10ሩ 9ኙን የሚጀምራቸው የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ነው። ቁጥሩ ብዙ አይመስልም። ሆኖም በጨቅላነት ከሚመጡት ከባድ የአንጎል ሕመሞች መካከል የእምነትን ጥያቄና የሕክምናን ጥያቄ እንዲህ ፊት ለፊት የሚያጋጥም ጥቂት ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። ይህ ነገር ከየት መጣ? አሁን ምን ይደረግ? የመጀመሪያውን የሰው ልጅ ከኢዮብ ዘመን ጀምሮ ሲጠይቀው ኖሯል፤ ዕድሜ ልክ ቢወስድም አያስገርምም። ሁለተኛው ግን የተቆጠረ ቀን አለው፤ የዚህ ሕመም ትልቁ መከራ የሚመጣውም የመጀመሪያው ጥያቄ እስኪመለስ ሁለተኛው ሲጠብቅ ነው።

ሕመሙን መጀመሪያ በጽሑፍ ያስቀመጠው ሐኪም የሆነ አባት ነው። በእንግሊዝ አገር ተንብሪጅ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዌስት እ.ኤ.አ. በ1841 «ላንሴት» ለተባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ላከ። የጻፈው ስለ ገዛ ልጁ ነበር። ልጁ እስከ 4 ወሩ ድረስ ጤነኛ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ራሱን ወደ ፊት መድፋት ጀመረ፤ አባትም ሕመሙ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ በተነሣ ቁጥር ስንቴ እንደሚያስጎነብሰው፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እየቆጠረ መዘገበ። በዘመኑ የሚታወቀውን ሁሉ ሞከረ፤ አልቅት አጣበቀ፣ ራሱን በቀዝቃዛ ነገር አበረደ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጠ፣ ኦፒየምም ሞከረ። አንዱም አልረዳም። በመጨረሻ የለንደን ስመ ጥር ሐኪሞችን አማከረ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሰር ቻርልስ ክላርክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ 4 ሕፃናት አይቶ ስለነበር ለሕመሙ ስም አውጥቶለት ነበር፤ «የሰላምታ መንቀጥቀጥ» ይለዋል። ስሙ የመጣው የምሥራቅ አገር ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ከሚነሣበት ሰላምታ ነው። በእርግጥም የሕፃኑን ሁኔታ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ወይም መስጊድ ሰጋጅ ቢያየው ስግደት ነው የሚመስለው። ገና አንገቱን ያላጸና ሕፃን፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ደጋግሞ ይሰግዳል። ዌስት ደብዳቤውን የጻፈው መፍትሔ አግኝቶ አልነበረም፤ የሚያውቅ ሐኪም ካለ እንዲነግረው እየለመነ ነው። የዛሬው ስያሜ የእርሱን ስም መያዙ ተገቢ ነው፤ መከራው በቤቱ ሳለ ቁጭ ብሎ መቁጠር ቀላል ነገር አይደለም።

በሕፃኑ አንጎል ውስጥ የሚሆነውን ማየት የተቻለው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ መቅዳት ቻለና በ1929 ይፋ አደረገው። ኢኢጂ የሚባለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፍሬድሪክ ጊብስና ኤርና ጊብስ የእነዚህን ሕፃናት የአንጎል ሞገድ ለይተው ሂፕስአሪዝሚያ አሉት። ጤነኛ ሕፃን ተኝቶ ሲቀዳ መስመሮቹ ዜማ አላቸው፤ የፊቱና የኋላው፣ የቀኙና የግራው የአንጎል ክፍል ተራ እየጠበቁ የሚቀባበሉ ይመስላሉ። የታመመው ሕፃን መስመሮች ግን እጅግ ረጃጅምና ዝብርቅርቅ ናቸው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን አይሰማም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሁከት ሕፃኑ ሲያጎነብስ ብቻ የሚታይ አለመሆኑ ነው። ጸጥ ብሎ ሲተኛም እዚያው አለ። ሕፃኑ መማር የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእነዚያ ወራት አንጎል በየቀኑ አዲስ ግንኙነት እየዘረጋ ይሠራል፣ ሁከቱ ደግሞ የሚዘረጋውን ያፈርሳል። ከውጭ የሚታየው ስግደት የውስጡ እሳት ጢስ ብቻ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከማሽን አይደለም። የመጀመሪያው መሣሪያ የእናት ዓይን ነው፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት የሚገኝ የእጅ ስልክ። ሕፃኑ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ግን ልምድ ላለው ሐኪም ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ቀጥሎ ኢኢጂ ይታዘዛል፤ ሁከቱ በእንቅልፍ ጊዜ ጎልቶ ስለሚታይ ሕፃኑ ተኝቶም ሊቀዳ ይገባል። ከዚያ ምክንያቱ ይፈለጋል። ሲወለድ ታፍኖ ነበር? ማጅራት ገትር አሞታል? የደሙ ስኳር በተወለደ ሰሞን ወርዶ ነበር? ቆዳው ላይ እንደ ቅጠል ሞላላ የሆኑ ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉ? እነዚህ ምልክቶች ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል የዘር ሕመም ፍንጭ ናቸው። እርግብግቢቱ ገና ስላልገጠመ በእርሱ በኩል በአልትራሳውንድ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ራሱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሕፃን በዚህ መንገድ ይለያል። አያቶች ለስላሳ ቅቤ የሚያኖሩባት ያች ክፍት ቦታ ለሐኪምም መስኮት ናት። ኤምአርአይ በሚገኝበት ደግሞ የአንጎሉ አፈጣጠር በዝርዝር ይታያል። ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ይህን ምርመራ ብዙ ቤተሰብ ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራዋል። ፍርሃቱ መነሻ አለው። ፈሳሹ የሚወሰድላቸው ሕፃናት አስቀድመው በጠና የታመሙ ናቸውና ከመካከላቸው የሚሞቱና አካላቸው የሚጎዳ አሉ፤ የበሽታው ዕዳ በመርፌው ላይ ይጻፋል። መርፌው የሚገባው ግን የሠረሠር ገመዱ ካበቃበት በታች ነው።

መድኃኒትን በሚመለከት ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በቤልጅየም ሶሬልና ዱሶሲ-ቦሎይ የተባሉ ሐኪሞች ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን የእነዚህን ሕፃናት መንቀጥቀጥ እንደሚያቆምና የአንጎላቸውንም ሞገድ እንደሚያረጋጋ አሳዩ። ዛሬ ከኤሲቲኤች ሌላ ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ይሰጣል፤ ቪጋባትሪንም አለ፣ በተለይ ለቲዩበረስ ስክለሮሲስ ተመራጭ ነው፣ ዓይን ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ግን ክትትል ይፈልጋል። አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ፒሪዶክሲን የተባለውን ቪታሚን ብቻ በመፈለጋቸው የሚንቀጠቀጡ ስለሆኑ እርሱም ይሞከራል። እዚህ ላይ ለድሃ አገር ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አለ። ፕሬድኒሶሎን ለአስምም ለሌላም የሚታዘዝ፣ ዋጋው ውድ ያልሆነ ኪኒን ነው። ኢኢጂ ማሽኑና አንባቢው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ናቸው። መድኃኒቱ ቅርብ፣ ምርመራው ሩቅ ነው ማለት ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ፌኖባርቢታል ለብዙ ዓይነት የሚጥል በሽታ ባለውለታ ቢሆንም ይህን ሕመም እምብዛም አይመልሰውም፤ ስለዚህ «መድኃኒት ጀምሯል» መባሉ ብቻ አይበቃም፣ የትኛውን የሚለው መጠየቅ አለበት። ፕሬድኒሶሎንም ያለ ዋጋ አይሠራም። የሕፃኑ ፊት ያብጣል፣ ይነጫነጫል፣ ረኃቡ አይጣል ነው፤ የደም ግፊቱ ሊጨምር፣ ሰውነቱም ተላላፊ በሽታ መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። ጎረቤት አይቶ «ልጁን ነፋው» ሲል እናት ደንግጣ በድንገት ብታቋርጥ ግን አደጋው የባሰ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ትቶ ስለቆየ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው።

እንግዲህ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው የሚቀረው። የሚጥል ሕመም ሁሉ ከመንፈስ ነው የሚለው እምነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀውና ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈው «ስለ ቅዱሱ ሕመም» የተባለ የግሪክ ድርሰት የሚሟገተው ከዚሁ እምነት ጋር ነው። ጸሐፊው እንደሚለው ይህ ሕመም ከሌሎች ሕመሞች ተለይቶ መለኮታዊ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ መነሻው አንጎል ነው፤ ቅዱስ ያሉትም መድኃኒቱን ማጣታቸውን ለመሸፈን ነው። ድርሰቱ ፈጣሪን አይክድም። እንዲያውም አንዱን ሕመም የአምላክ፣ ሌላውን የተፈጥሮ ብሎ መክፈል አምላክን ማሳነስ እንደሆነ ያስባል፤ ሁሉም ሕመም በአንድ ጊዜ መለኮታዊም ሰብአዊም ነው።

በኢትዮጵያ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ከ1,000 ሰዎች 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ይህን ያህል በተዛመተ ሕመም ላይ የተሰጠው ትርጓሜም ብዙ ነው፤ ልክፍት፣ የቡዳ ዓይን፣ ዛር፣ የወላጅ እርግማን። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን እንዲያሸት ማድረግ የተለመደ ነው። በሽታው በትንፋሽ ወይም በአረፋው ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራም ምድጃ ላይ የወደቀን ልጅ ለማንሣት እጅ የሚያመነታበት ጊዜ አለ፤ በልጅነት ፊቱና እጁ የተቃጠለ ሰው በየቦታው ይታያል። ከእነዚህ ትርጓሜዎች ክፉው የቱ እንደሆነ መናገር ካስፈለገ እርግማን የሚለው ነው። ሌሎቹ ጥፋቱን ከውጭ ባለ ጠላት ላይ ያደርጋሉ፤ ይህ ግን አራስ ቤት ገብቶ እናቲቱን ይከስሳል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ያቀረቡት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? የተሰጣቸው መልስ ሁለቱንም ነጻ የሚያወጣ ነው። ወንጌሉን ጠዋት ማታ የሚሰማ ሕዝብ ይህን መልስ እያወቀ የታመመ ሕፃን እናት ላይ ጣቱን ሲቀስር ማየት ያሳዝናል።

ለርኩስ መንፈስ ትርጓሜ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለው አባት ታሪክ ነው። ልጁ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ወደ እሳትና ወደ ውሃ ይጣላል። ታሪኩን አማኝ እንደ ተአምር ያነበዋል፤ መብቱም ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ከተአምሩ በፊት ጥያቄ ይቀርባል፤ ይህ ከያዘው ምን ያህል ጊዜ ሆነው? አባትም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብሎ ይመልሳል። ዛሬም ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መንፈስ የሚለው ትርጓሜ በየትኛውም ንባብ የጊዜን ጥያቄ አይሽርም።

ቋንቋው ራሱ እዚህ ላይ የሚናገረው አለው። በአማርኛ «ዳነ» ሲባል ከሕመም ተፈወሰም ነፍሱ ተረፈችም ማለት ነው፤ «መድኃኒት» የኪኒኑም የአዳኙም ስም ነው፤ መድኃኔ ዓለም እየተባለ የሚጠራ አምላክና ከፋርማሲ የሚገዛ ሽሮፕ ከአንድ ግስ ይወለዳሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሥጋንና ነፍስን አይነጣጥልም። አደጋም አለው። አንዱ ቃል ሁለቱን ስለያዘ አንዱን የፈለገ ሌላውን የተወ ይመስላል፤ ኪኒን የጀመረች እናት እምነቷ የቀነሰ፣ ጸበል የገባች እናት ሐኪምን የናቀች መስሎ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ጥያቄ በጊዜያቸው መልሰውታል። ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ ፈጣሪ ስለሆነ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው፣ የታመመ ሰው ሊጸልይም ለሐኪም ቦታ ሊሰጥም እንደሚገባው ያስተምራል። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ለመነኮሳት ባዘጋጀው ሥርዓት ሕክምና ከእምነት ጋር ይስማማል ወይ ለሚል ጥያቄ ሰፊ መልስ ሰጥቷል፤ ጥበቡ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ተስፋን ሁሉ በሕክምና ላይ መጣል ግን ስሕተት ነው፣ አሻፈረኝ ማለትም እንዲሁ። ይህን የጻፈው ሰው በከተማው ዳር የታመሙ የሚታከሙበትና ድሆች የሚጠለሉበት ትልቅ ቤት የሠራ ነው። በእስልምናም አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ የሚናገር ሐዲስ በቡኻሪ ስብስብ ይገኛል፤ ይህን የሰሙ ሊቃውንት መድኃኒት መፈለግን ከተወኩል፣ በአላህ ከመመካት፣ ጋር የሚጣላ ነገር አድርገው አልወሰዱትም።

መርሁ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ችግሩ የት ነው? ከመርህ ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። 7 ቀን አንድ ሱባኤ ነው፤ 14 ቀን ሁለት ሱባኤ። ሕፃኑ ማጎንበስ የጀመረ ሰሞን ቤተሰብ የሚመክረው «አንድ ሱባኤ ጸበል እናስጠምቀውና ካልተሻለው ሐኪም ቤት» ብሎ ነው። ሐሳቡ በብዙ ሕመም ላይ ብዙ ጉዳት የለውም። በዚህ ሕመም ላይ ግን የሕክምና ተመራማሪዎችም፣ ሱባኤ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ በዚሁ መስፈሪያ ነው የቆጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 77 ሕፃናትን እስከ 4 ዓመታቸው ተከታትሎ ሕክምና ለመጀመር በወሰደባቸው ጊዜ መደባቸው፤ እስከ 7 ቀን፣ ከ8 እስከ 14 ቀን፣ ከ15 ቀን እስከ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 2 ወር፣ ከ2 ወር በላይ። ከአንዱ ምድብ ወደ ሚቀጥለው በተዘለቀ ቁጥር ልጆቹ በዕድገት መለኪያው ላይ በአማካይ ወደ 4 ነጥብ የሚጠጋ ያጣሉ። አንድ ሱባኤ የሚያስከፍለው ይህን ነው፤ ሁለተኛው ሱባኤ ሌላ ያስከፍላል።

ጸሎት ይህን ሂሳብ ሊሽር አይችልም ወይ ብሎ መጠየቅ ለአማኝ ተገቢ ነው። እግዚአብሔር የወደደውን ማድረግ ይችላል፤ ክርክሩ እርሱ በሚችለው ላይ አይደለም። ክርክሩ ሰው ሊያደርገው በሚገባው ላይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ከመቅደስ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይሸከሙሃል ሲል የተመለሰለት ጌታ አምላክህን አትፈታተን በሚል መንፈስ ነው። ደረጃው እያለ መዝለል እምነት አይባልም። የሕፃን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የሚዘልለው ወላጁ፣ የሚወድቀው ሕፃኑ ነው። አዋቂ ሰው ሕመሙን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቶ መድኃኒት ቢተው በራሱ ላይ ነው፤ በቡኻሪ ሐዲስ የምትወድቀው ጥቁር ሴት ነቢዩ ዱዓ ላድርግልሽ ወይስ ታግሠሽ ጀነት ይሁንልሽ ብለው ሲያስመርጧት ትዕግሥቱን መረጠች። የመረጠችው ራሷ ናት። የ5 ወር ሕፃን መምረጥ አይችልም፤ ስለ እርሱ ሌላ ሰው ትዕግሥትን ሊመርጥለት አይገባም።

ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ኢትዮጵያ ቀድሞ የተማረችበት ጊዜ አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየሰፋ በመጣበት ወቅት ጸበል የገቡ ብዙ ሕሙማን ኪኒናቸውን እየጣሉ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። ቃሉ ከሐኪም ቢመጣ ኖሮ ያን ያህል ባልተሰማ ነበር። በሕፃናት የአንጎል ሕመም ላይም አጥማቂው ካህን ከማንም በላይ የሚሰማ ሰው ነው፤ ተራ ለያዘች እናት «መድኃኒቱን ሰጥተሽዋል?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቃት የብዙ ወር ትምህርት ይሠራል።

ሁለቱ ሲዋሐዱ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂትና ቀላል ነው። ጨቅላ ሕፃን ብዙ ውሃ አይችልም፤ ኩላሊቱ ገና ስለሆነ ደጋግሞ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ በደሙ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፣ ይህም ራሱ ያንቀጠቅጣል። ግንባሩን በጠብታ ጸበል ማማተብ ግን የሚጎዳው ነገር የለም። በንጋት ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ሰውነቱን በደቂቃዎች ያቀዘቅዘዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ለጸበል ተብሎ በድንገት ቢቋረጥበት ከማያባራ መንቀጥቀጥ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ መንቀጥቀጡ በጊዜው ካልቆመ የሚገድል ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የመጀመሪያው ጥያቄ አይጠፋም። ቀኑ ሳያልፍ የታከመ ሕፃን ሁሉ አይድንም፤ አስቀድሞ አንጎሉ የተጎዳ ከሆነ መንቀጥቀጡ ቢቆምም ጉዳቱ ይቀራል። ንጹሕ ሕፃን ለምን? ሩሲያዊው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ራሱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1878 ገና 3 ዓመት ያልሞላው ልጁ አልዮሻ ለሰዓታት ባልተቋረጠ መንቀጥቀጥ ሞተ። አባት በሐዘኑ ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያም የመጨረሻ ልቦለዱን፣ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ ኢቫን የሕፃናትን ሥቃይ ምክንያት አድርጎ ዓለምን ሁሉ ይሞግታል። ታናሽ ወንድሙ በክርክር አይረታውም። ያ ታናሽ ወንድም የሞተውን ሕፃን ስም ይዟል፤ አልዮሻ ነው። ደራሲው ጥያቄውን በሙሉ ኃይሉ ለኢቫን ሰጥቶ የልጁን ስም ደግሞ ሌላውን በመውደድ ለሚመልሰው ሰው ሰጠው። በፍልስፍና መድረክ ላይ ከዚህ የተሻለ መልስ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ የታመመ ሕፃን ያቀፈች እናት ፊት የሚጸና ግን ብዙ አልተገኘም። «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል፣ ከልብ ቢባልም፣ ለእርሷ ከድንጋይ ይከብዳል።

የአእምሮው ዕድገት የቆመ ልጅ ሰውነቱ ምን ላይ ይቆማል የሚለውም የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ሰውን በማሰብ ችሎታው ብቻ የሚለካ ሁሉ እዚህ ይቸገራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን መልሱን ሳትከራከር በሥርዓቷ ሠርታበታለች። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ቀን ይቆርባሉ። ምን ተረዳህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። መናገር ያልቻለው የ8 ዓመት ልጅም እናቱ ተሸክማው ስትቀርብ የሚሰጠው በ40 ቀኑ የተሰጠው ያው ነው። በእስልምና ደግሞ አእምሮ ባልተሟላለት ሰው ላይ የሥራ መዝገብ ብዕር እንደተነሣ ይታመናል፤ ሳይጠየቅ የሚኖር ነው። ከሁለቱም ቤት ማንም ይህን ልጅ ጓዳ ደብቆ ለማሳደግ ምክንያት ሊያወጣ አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚደረገው የዕለት ሥራ ነው። ሲበላ ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ገንፎው ወፈር ብሎ በትንሽ ማንኪያ፣ የፊተኛው ጉርሻ ሳይዋጥ ሌላ ሳይጨመር ይሰጠዋል። እጅና እግሩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይሳሳባል። ክትባቱ አይቀርም፤ ፕሬድኒሶሎን ላይ ሳለ ግን ሕይወት ያላቸው ክትባቶች ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ። ሕክምናው በተጀመረ በ2 ሳምንት ገደማ ኢኢጂው ይደገማል፤ መንቀጥቀጡ ቆሞ ሞገዱ ካልተረጋጋ መድኃኒቱ ይቀየራል። የተሻለውም ቢሆን ሊያገረሽበት ስለሚችል ከቤት ሰው አንዱ ጠዋት ሕፃኑ ሲነቃ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ አጠገቡ ተቀምጦ አንገቱን ያያል።